የግራናይት ቬይን ከየት መጣ? አይሶቶፕ ስለሚሰጠው መልስ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኮርንዋል የእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጥግ ነው። ግራናይቱ በማዕድን ቬይን የተሰነጣጠቀ ነው። ለዘመናት ቆርቆሮና መዳብ ወጥቶበታል። የማዕድን መልክዓ ምድሩም በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ቬይን እንዴት እንደሚፈጠር ከአይሶቶፕ የተማርነውን ለማስረዳት ከዚህ የሚመች ቦታ አላውቅም። ስለዚህ አብዛኞቹ መልሶች እዚያው አካባቢ ይሽከረከራሉ። ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ቬይን ምንድን ነው? ግራናይት ውስጥስ እንዴት ይገባል?

ዐለት ሲሰነጠቅ በስንጥቁ ትኩስ ውሃ ያልፋል። ውሃው አሟሙቶ የያዘውን ነገር በመንገዱ ላይ ይጥላል። ስንጥቁ በማዕድን ይሞላል። ያ የተሞላ ስንጥቅ ቬይን ይባላል። ውፍረቱ እንደ ፀጉር ሊቀጥን ይችላል፤ ከአንድ ሜትርም ሊያልፍ ይችላል። ግራናይት ውስጥ ብዙውን ጊዜ የምናገኘው ኳርትዝ ነው። አብረውት ቱርማሊን፣ ሚካና ፍሎራይት ይኖራሉ። ዕድል ከቀናም ቆርቆሮ የሚወጣበት ካሲቴራይት ወይም ተንግስተን የሚወጣበት ዎልፍራማይት ይገኛል።

ግራናይት የሚፈጠረው ማግማ፣ ማለትም የቀለጠ ዐለት፣ መሬት ውስጥ፣ ኪሎ ሜትሮች ጥልቀት ላይ፣ ቀስ ብሎ ሲበርድ ነው። ማግማው በክብደቱ ጥቂት በመቶ ውሃ አለው። ወደ ድንጋይነት ሲለወጥ ግን የሚፈጠሩት ማዕድናት ያን ሁሉ ውሃ መያዝ አይችሉም። ውሃው ተገፍቶ ይወጣል። ሲወጣ ክሎሪን፣ ቦሮን፣ ቆርቆሮ የመሳሰለውን ይዞ ነው። ግፊቱ ሲበረታ ከላይ ቀድሞ የጠጠረውን ግራናይት ይሰነጥቀዋል። የመጀመሪያው ቬይን እንዲህ ይጀመራል።

ስንጥቅ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ግን ማንም ይገባበታል። ከላይ የዝናብ ውሃ ይወርዳል። ከጎን ካለው የደለል ድንጋይ ጨዋማ ውሃ ተጨምቆ ይመጣል። ባሕር ቅርብ ከሆነ የባሕር ውሃም አለ። ሁሉም ኳርትዝ ሊጥሉ ይችላሉ። ኳርትዝ ደግሞ በዓይን ሲታይ ያው ኳርትዝ ነው። የትኛው ውሃ የትኛውን እንደጣለ ለመለየት ሌላ መንገድ ያስፈልጋል።

አይሶቶፕ ምንድን ነው? «የተረጋጋ» የሚባለውስ ለምንድን ነው?

የአንድ ንጥረ ነገር አተሞች ሁሉ እኩል አይመዝኑም። በክብደት የሚለያዩት ዓይነቶች አይሶቶፕ ይባላሉ። ኦክስጅን ሦስት ዓይነት ነው፤ 16፣ 17 እና 18። ከጠቅላላው ኦክስጅን 99.76 በመቶው ቀላሉ ኦክስጅን-16 ነው። ከባዱ ኦክስጅን-18 ደግሞ 0.2 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በኬሚካዊ ጠባያቸው አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። ክብደታቸው ግን ይለያያል። ሃይድሮጅንም ከባድ ወንድም አለው፤ ዲዩተሪየም ይባላል። ዲዩተሪየምን በ1931 ያገኘው ሃሮልድ ዩሪ በ1934 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። ያው ዩሪ በ1947 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ከባድና ቀላል አይሶቶፖች በሁለት ነገሮች መካከል የሚከፋፈሉት እንደ ሙቀቱ መጠን እንደሆነ በስሌት አሳየ። ዛሬ የምንጠቀምበት ዘዴ መሠረቱ ይኸው ነው።

የተረጋጋ ማለት ጨረር እያወጣ ወደ ሌላ ንጥረ ነገር አይለወጥም ማለት ነው። ከ280 ሚሊዮን ዓመት በፊት ኳርትዝ ውስጥ የገባ ኦክስጅን-18 ዛሬም ኦክስጅን-18 ነው።

ታዲያ አደጋ የለውም?

የለውም። የምትጠጡት ውሃ ውስጥም አለ።

«ዴልታ» የሚባለው ቁጥር እንዴት ይነበባል?

ላቦራቶሪው የሚለካው የከባዱንና የቀላሉን ምጣኔ ነው። ከዚያ ከአንድ የጋራ መለኪያ ጋር ያወዳድረዋል። ለኦክስጅንና ለሃይድሮጅን መለኪያው አማካይ የውቅያኖስ ውሃ ነው። እሱ ዜሮ ይባላል። ልዩነቱ በጣም ትንሽ ስለሆነ ከመቶ ሳይሆን ከሺህ ይቆጠራል። አንድ ኳርትዝ +12 በሺህ ነው ከተባለ፣ ከባዱ ኦክስጅን ከውቅያኖስ ውሃ በሺህ 12 እጅ ይበልጣል ማለት ነው። የመቀነስ ምልክት ካለው ያንሳል ማለት ነው። ከዚህ በላይ ሒሳብ አያስፈልጋችሁም።

የተለያዩ ውሃዎች እንዴት ይለያሉ?

ከዝናብ እንጀምር። ደመና ከባሕር ተነስቶ ሲጓዝ በየመንገዱ ያዘንባል። ከባዱ ውሃ ወደ ጠብታው ስለሚያደላ ቀድሞ ይወርዳል። ደመናው ውስጥ የሚቀረው እየቀለለ ይሄዳል። ከአንድ ጀበና አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲቀዳ ቡናው እየቀጠነ እንደሚሄደው ማለት ነው። ስለዚህ ከባሕር የራቀ፣ ቀዝቃዛ ወይም ከፍተኛ ቦታ ላይ የሚጥል ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው። ሃርመን ክሬግ በ1961 ከብዙ አገር የተሰበሰቡ የዝናብ፣ የወንዝና የበረዶ ናሙናዎችን አወዳድሮ ነጥቦቹ አንድ ቀጥተኛ መስመር ላይ እንደሚሰለፉ አሳየ። የሃይድሮጅኑ ዴልታ የኦክስጅኑ 8 እጥፍ ሲደመር 10 ነው። የኮርንዋል ዝናብ ዛሬ በኦክስጅን -5 በሺህ ገደማ ነው። በክሬግ መስመር ስታሰሉት ሃይድሮጅኑ -30 አካባቢ ይወጣል።

ከማግማ የሚወጣ ውሃ ደግሞ ሌላ ሰፈር ነው ያለው። በኦክስጅን ከ+5.5 እስከ +9.5 ገደማ፣ በሃይድሮጅን ከ-40 እስከ -80 ባለው ውስጥ ይወድቃል። ይህ ግን አጠቃላይ ግምት ነው። የኮርንዋል ግራናይት የተሠራው ከቀለጠ ደለላዊ ዐለት ነው ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ ግራናይቱ ራሱ ከባድ ነው፤ በኦክስጅን ከ+10 እስከ +13 ይደርሳል። ከእሱ የወጣው ውሃም ከመማሪያ መጽሐፉ ክልል ከፍ ቢል አይገርምም።

በሙቀትና በግፊት ከተለወጡ ዐለቶች የሚወጣ ውሃም አለ። የእሱ ክልል ሰፊ ነው፤ ከማግማው ውሃ ጋርም ይደራረባል። በዚህ ምክንያት ሁለቱን በኦክስጅን ብቻ ለመለየት የሚሞክር ጽሑፍ ስታዩ ጠርጥሩ።

ውሃው ከጠፋ 280 ሚሊዮን ዓመት ሆኖታል። እንዴት ነው የሚለካው?

ይህ የጉዳዩ እምብርት ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልሰው።

ውሃው የለም። የቀረው የጣለው ማዕድን ነው። ኳርትዝ ከውሃ ሲፈጠር ከባዱን ኦክስጅን ወደ ራሱ ያደላል። ምን ያህል እንደሚያደላ የሚወስነው ሙቀቱ ነው። ውሃው ሲበርድ አድልዎው ይጨምራል፤ ሲግል ይቀንሳል። ሮበርት ክሌይተንና ባልደረቦቹ በ1972 ባወጡት የሙከራ ውጤት መሠረት የኳርትዝና የውሃ ልዩነት በ400 ዲግሪ ሴልሺየስ 4 በሺህ ገደማ ነው። በ300 ዲግሪ ወደ 7 ይጠጋል። በ200 ዲግሪ 11.7 ይደርሳል።

አሁን አንድ ኳርትዝ ለካችሁ እንበል፤ ውጤቱ +12 ሆነ። ኳርትዙ በ400 ዲግሪ ከተፈጠረ ውሃው +8 ነበር ማለት ነው። ይህ የማግማ ውሃ ክልል ውስጥ ነው። በ200 ዲግሪ ከተፈጠረ ግን ውሃው +0.3 ነበር። ይህ ከማግማ ይልቅ የባሕር ውሃ ወይም ከዐለት ጋር የቆየ የዝናብ ውሃ ይመስላል። ድንጋዩ አንድ ነው፤ ቁጥሩም አንድ ነው። ታሪኩ ግን ሙሉ በሙሉ ተቀየረ። ሙቀቱን ሳያውቅ የዴልታ ቁጥር ብቻ ይዞ ስለ ውሃው ምንጭ የሚናገር ሰው ግምቱን ነው የሚነግራችሁ።

ሙቀቱስ ከየት ይታወቃል?

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ክሪስታሉ ሲያድግ በውስጡ የታሰሩትን ጥቃቅን የፈሳሽ ጠብታዎች ማየት ነው። በክፍል ሙቀት ጠብታዋ ውስጥ ትንሽ የጋዝ አረፋ ትታያለች። ድንጋዩ በስሱ ተቆርጦ ማይክሮስኮፕ ሥር ይሞቃል። አረፋዋ የምትጠፋበት ሙቀት፣ የግፊት ማስተካከያ ተደርጎለት፣ ጠብታዋ የታሰረችበትን ሙቀት ይሰጣል። ናሙናውን አቀዝቅዞ በረዶው የሚቀልጥበትን ነጥብ በማየት ደግሞ የጨው መጠኗ ይታወቃል። ጠብታዋ ግን ክሪስታሉ ሲያድግ የታሰረች ትሁን ወይም በኋላ በጥቃቅን ስንጥቅ የገባች መለየት ልምድ ይጠይቃል። አብዛኛው ጭቅጭቅ የሚነሳውም እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው መንገድ አብረው ያደጉ ሁለት ማዕድናትን መለካት ነው። እርሳስ የሚወጣበት ጋሌናና ዚንክ የሚወጣበት ስፋለራይት ለዚህ የታወቁ ጥንዶች ናቸው። ሁለቱም ድኝ አላቸው። በድኝ አይሶቶፕ ያላቸው ልዩነት በ300 ዲግሪ 2 በሺህ ገደማ ነው፤ በ150 ዲግሪ ወደ 4 ይጠጋል። ኳርትዝና ካሲቴራይትም ሁለቱም ኦክስጅን ስላላቸው በጥንድነት ይሠራባቸዋል። ሁኔታው አንድ ነው፤ ሁለቱ በእርግጥ አብረው ከአንድ ውሃ መፈጠር አለባቸው። ጎን ለጎን መገኘታቸው ብቻ አይበቃም።

የዝናብ ውሃ ያን ያህል ጥልቅ መግባት ይችላል?

ይችላል፤ ኪሎ ሜትሮችን ወርዶ። ድሮ የፍል ውሃና የእንፋሎት ምንጮች ውሃ በብዛት ከማግማ የመጣ ነው ብለው የሚያስቡ ነበሩ። በ1950ዎቹ ክሬግና ሌሎች ተመራማሪዎች የእነዚህን ምንጮች ውሃ ሲለኩ ሃይድሮጅኑ ከአካባቢው ዝናብ ጋር አንድ ሆኖ አገኙት። ኦክስጅኑ ግን ከዝናቡ ከበድ ብሎ ነበር።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ዐለት ከክብደቱ ግማሽ የሚጠጋው ኦክስጅን ነው። ሃይድሮጅን ግን እምብዛም የለውም። ትኩስ ውሃ በዐለት ውስጥ ሲቆይ ኦክስጅኑን ከዐለቱ ጋር ይለዋወጣል። በሃይድሮጅን በኩል የሚለዋወጠው ነገር ስለሌለ የዝናብነት ምልክቱ ይቀራል። ስለዚህ ሁለቱን አብሮ መለካት የግድ ነው።

ልውውጡ ዐለቱ ላይም አሻራ ይተዋል። ሂዩ ቴይለር በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ፣ በአይዳሆና በሌሎች ቦታዎች፣ በግራናይት ዙሪያ ሰፋፊ መሬት ኦክስጅን-18ቱ ዝቅ ብሎ አገኘ። የዝናብ ውሃ በግራናይቱ ሙቀት እየተገፋ ለረጅም ጊዜ ሲዘዋወር ዐለቱን አቅልሎት ነው። በእኔ አስተያየት ከዚህ ዘርፍ ግኝቶች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። ግራናይት ውሃ ሰጪ ብቻ መስሎ ይታይ ነበር። ለካ እንደ ምድጃም ሆኖ የሌላውን ውሃ ያዘዋውራል።

በኮርንዋል ምን ተገኘ?

ቢያንስ አራት ዓይነት ውሃ፤ ያውም በብዙ ሚሊዮን ዓመታት ተራርቀው የመጡ።

ግራናይቱ የገባው ከ295 እስከ 270 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ነው። በአንድ ጊዜ አይደለም፤ ተራ በተራ ነው። ቀደምቶቹ ቬይኖች ኳርትዝ፣ ቱርማሊን፣ ካሲቴራይትና ዎልፍራማይት ይዘዋል። በክሊጋ ሄድ የባሕር ገደልና በሴንት ማይክልስ ማውንት ደሴት ላይ እንደ ተደረደረ ሉህ ጎን ለጎን ቆመው ይታያሉ። በየቬይኑ ግራና ቀኝ ግራናይቱ ወደ ኳርትዝና ሚካ ተለውጦ ግራጫ ጠርዝ ሠርቷል። ሙቀታቸው ከ300 እስከ 400 ዲግሪ አካባቢና ከዚያም በላይ ነበር። አይሶቶፑ ከማግማ የወጣ ውሃ ዋናውን ድርሻ እንደያዘ ይመሰክራል። ሥርዓቱ እየበረደ ሲሄድ ግን የዝናብ ውሃ ምልክት እየገባ ይመጣል። የመዳብና የዚንክ ሰልፋይዶች፣ ማለትም ድኝ ያለባቸው ማዕድናት፣ የሚበዙት በዚህ በኋለኛው ክፍል ነው።

ሁለተኛው ታሪክ ከዚህ ጋር አይገናኝም። የማዕድን ሠራተኞቹ «ክሮስ ኮርስ» የሚሏቸው፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄዱና አሮጌዎቹን ቬይኖች የሚቆርጡ ቬይኖች አሉ። እርሳስ፣ ዚንክና ፍሎራይት ይዘዋል። ውስጣቸው የታሰሩት ጠብታዎች በጣም ጨዋማ ናቸው፤ ከባሕር ውሃ ብዙ እጥፍ። ካልሲየም በብዛት አለባቸው። ሙቀታቸው ከ100 እስከ 170 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ይህ ውሃ ከማግማ አልመጣም። በአካባቢው ከነበሩ የደለል ተፋሰሶች የወረደ ጨዋማ ውሃ ነው። ዕድሜው ወደ 236 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። ግራናይቱ ከቀዘቀዘ ብዙ አሥር ሚሊዮን ዓመታት አልፈው ነበር ማለት ነው።

ሦስተኛው የካኦሊን ነገር ነው። እሱ ብቻውን ጥያቄ ይገባዋል፤ ከታች እመለስበታለሁ።

አራተኛው ዛሬም ይፈሳል። በካምቦርንና ሬድሩት አካባቢ ባሉት ጥልቅ የቆርቆሮ ማውጫዎች፣ ለምሳሌ በሳውዝ ክሮፍቲ፣ ሠራተኞች ዐለቱን ሲቆርጡ ሙቅ ጨዋማ ውሃ ይፈስባቸው ነበር። የባሕር ውሃ ነው ያሉ ነበሩ፤ ባሕሩ ቅርብ ነውና አያስገርምም። ከጥንቱ ማግማ የተረፈ ነው የሚልም አሳብ ነበር። በ1980ዎቹ ኦክስጅኑና ሃይድሮጅኑ ሲለካ ከዝናብ መስመር ላይ ወይም አጠገብ ወደቀ። ዝናብ ነው። ጨዉ ከባሕር አልመጣም፤ ውሃው ከግራናይቱ ማዕድናት ጋር ሲቆይ ከሚካና የግራናይቱ ዋና ማዕድን ከሆነው ከፌልድስፓር ያወጣው ነው። ውሃው ውስጥ ያለው ሊቲየምም እንዲሁ ከሚካ ነው የወጣው። ሳውዝ ክሮፍቲ በ1998 ተዘጋ።

ይህን ሁሉ ስታዩ «የኮርንዋል ቬይኖች የተፈጠሩት በዚህ ውሃ ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ለምን እንደማይሠራ ግልጽ ነው። አንዱ ስንጥቅ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ውሃ ሊያልፍ ይችላል። ሁሉንም አንድ ላይ ፈጭታችሁ ብትለኩ አማካይ ቁጥር ታገኛላችሁ። አማካዩ ግን በእውኑ ያልነበረ ውሃን ይነግራችኋል።

ስለ ካኦሊኑ የሚጨቃጨቁት ለምንድን ነው?

ካኦሊን ነጭ ሸክላ ነው። ፖርሴሊንና ወረቀት ይሠራበታል። የፕሊማዙ መድኃኒት ቀማሚ ዊሊያም ኩክዎርዚ በ1740ዎቹ በትሬጎኒንግ ኮረብታ ላይ አገኘው፤ በ1768 ደግሞ የፖርሴሊን ፓተንት አወጣ። በኋላ ዋናው ቁፋሮ ወደ ሴንት ኦስትል ዞረ። ነጫጭ የተረፈ ምርት ክምሮቹ ከሩቅ ይታያሉ።

ካኦሊኑ የግራናይቱ ፌልድስፓር በስብሶ የተፈጠረ ነው። ያበሰበሰው ማን ነው? ከታች የመጣ ትኩስ ውሃ ነው ወይስ ከላይ የወረደ ዝናብ? ጭቅጭቁ እዚህ ላይ ነው።

የትኩስ ውሃው ወገን የሜዳ ማስረጃ አለው። ሸክላው በአንዳንድ ቦታ ከ200 ሜትር በላይ ይወርዳል። ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ ነው። የኳርትዝና የቱርማሊን ቬይኖችን ይከተላል። ተራ የአየር ንብረት ያበሰበሰው ዐለት እንዲህ አይሆንም ይላሉ።

በ1977 ሳይመን ሼፐርድ የካኦሊኑን ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ለክቶ አሳተመ። ቁጥሮቹ ካኦሊን በመሬት ገጽ ሙቀት ከዝናብ ውሃ ሲፈጠር የሚሰለፍበት መስመር አጠገብ ወደቁ። በእሱ ትርጓሜ ሥራውን የሠራው ዝናብ ነው፤ ያውም በዝቅተኛ ሙቀት። ተቃዋሚዎቹ ሸክላ ከተፈጠረ በኋላም ሃይድሮጅኑን ከአዲስ ውሃ ጋር ሊለዋወጥ ይችላል አሉ። አባባሉ ትክክል ነው፤ ኦክስጅኑን ግን ሸክላው ከሃይድሮጅኑ ይልቅ አጥብቆ ይይዛል።

እኔ ወደ ሼፐርድ አደላለሁ። የሜዳ ማስረጃውን ግን መጣል አይቻልም፤ መጣልም አያስፈልግም። የቀደመው ትኩስ ውሃ ዐለቱን አዳክሞ መንገድ ከፍቶ ቢሆን፣ በኋላ የመጣው ዝናብ የወረደው በዚያው መንገድ ነው። የኮርንዋል ግራናይት ዩራኒየም፣ ቶሪየምና ፖታሲየም ስለሚበዛበት ከራሱ ሙቀት ያመነጫል። ያ ሙቀት የዝናብ ውሃን ቀስ ብሎ ወደ ታችና ወደ ላይ ለማዘዋወር ይበቃል። ሸክላው ቬይኑን መከተሉ የቬይኑ ውሃ ሸክላውን ሠራው ለማለት አያበቃም።

ከኦክስጅንና ከሃይድሮጅን ሌላ የሚለካ አለ?

አለ። ፓይራይትና ጋሌና ካሉ ድኝ ይለካል። ከማግማ የመጣ ድኝ ዜሮ አካባቢ ነው፤ የዛሬ ባሕር ውስጥ ያለው ሰልፌት ደግሞ +21 ገደማ። ካልሳይት ካለ ካርቦኑ ይለካል። ቦሮን ያለው ቱርማሊን በበዛበት እንደ ኮርንዋል ባለ ቦታ የቦሮን አይሶቶፕ ጥሩ ነው። ቱርማሊን በቀላሉ አይለወጥም፤ ዕድገቱም ንብርብር ስላለው ከመሃል ወደ ጠርዝ መለካት የውሃውን ለውጥ ያሳያል።

የቬይኑን ዕድሜ ይነግረናል?

አይነግርም። ለዕድሜ ጨረር የሚያወጡ አይሶቶፖችና እነሱ የሚለወጡባቸው ያስፈልጋሉ፤ ዩራኒየምና እርሳስ፣ ሩቢዲየምና ስትሮንቲየም፣ ሬኒየምና ኦስሚየም። ከላይ የጠቀስኳቸው ዕድሜዎች የመጡት ከእነዚያ ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን ያደባልቃል።

ናሙና ለመውሰድ ምን ልጠንቀቅ?

መጀመሪያ ካርታና ንድፍ። የትኛው ቬይን የትኛውን እንደቆረጠ ሳይመዘገብ ድንጋይ መስበር ገንዘብ ማባከን ነው። የተቆረጠው አሮጌ ነው፤ የቆረጠው አዲስ ነው። ሁለቱን በአንድ ከረጢት አትክተቱ። የቬይኑን ጠርዝና መሃል ለየብቻ ውሰዱ፤ ብዙውን ጊዜ ጠርዙ ቀድሞ ያደገ ነው። ከቬይኑ ራቅ ያለ ያልተለወጠ ግራናይትም ጨምሩ። ማወዳደሪያ ከሌለ ዐለቱ ምን ያህል እንደተለወጠ አይታወቅም።

ላቦራቶሪ ውስጥ ኳርትዙ በማይክሮስኮፕ ተለይቶ ይታጠባል። ለኦክስጅን ጥቂት ሚሊግራም ይበቃል። በሌዘር እየተሞቀ በፍሎሪን ጋዝ ወይም ፍሎሪን ባለው ውህድ ኦክስጅኑ ይወጣል፤ ከዚያ አተሞችን በክብደታቸው የሚለይ ማስ ስፔክትሮሜትር ውስጥ ይገባል። ስሕተቱ ብዙውን ጊዜ ከ0.1 እስከ 0.2 በሺህ ነው። ያ ጥሩ ትክክለኛነት ነው፤ ግን ንብርብሩን ሁሉ ደባልቆ ነው የሚለካው። ንብርብሩን ለየብቻ ለማየት አዮን ፕሮብ የሚባል መሣሪያ አለ። ከ10 እስከ 20 ማይክሮን ስፋት ያላትን ነጥብ ብቻ ይለካል። ቀድሞ በኤሌክትሮን ጨረር ኳርትዙን አብርቶ የዕድገት መስመሮቹን ፎቶ ማንሳት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ነጥቧ የት እንዳረፈች አይታወቅም።

ሃይድሮጅን ሌላ ራስ ምታት ነው። ኳርትዝ የራሱ ሃይድሮጅን የለውም ማለት ይቻላል፤ ያለው የታሰሩት ጠብታዎች ውስጥ ነው። ኳርትዙ ሲደቀቅ ወይም ሲሞቅ ሁሉም ጠብታ አብሮ ይወጣል፤ የቀደመውም፣ የዘገየውም። ሚካ ወይም ቱርማሊን ካገኛችሁ እነሱን ለኩ። ሃይድሮጅኑ ማዕድኑ ውስጥ የተሠራ ስለሆነ የተሻለ ይታመናል።

ይህ ዘዴ ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራል?

የውሃው በኩል በደንብ ተሠርቶበታል። አዲስ አበባ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ከዓለም ሜትዎሮሎጂ ድርጅት ጋር ያቋቋመው የዝናብ አይሶቶፕ መረብ አባል ናት፤ መዝገቡ ከ1960ዎቹ ይጀምራል። ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች ዝናቧ ቀላል መሆን ነበረበት። እሱ ግን ከሚጠበቀው በላይ ከባድ ነው። እርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ ተመራማሪዎች ብዙ ተከራክረዋል። በአሉቶ ላንጋኖ የእንፋሎት ጉድጓዶችም ውሃው በብዛት ከስምጥ ሸለቆው ዳር ካለው ደጋ የሚወርድ ዝናብ እንደሆነ በአይሶቶፕ ታይቷል። የሳውዝ ክሮፍቲን ነገር ያነበበ ሰው አይገረምም።

በቬይን በኩል ደግሞ ደቡብ ኢትዮጵያ ለዚህ ሥራ ምቹ ነው። የለገደንቢ ወርቅ ያለው በኳርትዝ ቬይኖች ውስጥ ነው፤ አስተናጋጁ ዐለት ግን ግራናይት አይደለም። የቀንጢቻ ታንታለም ከግራናይት ጋር ይዛመዳል፤ የተገኘው ግን ፔግማታይት ውስጥ ነው። ፔግማታይት ከተረፈ ማግማ የሚፈጠር ስለሆነ ከቬይን ይለያል። ዘዴው ለሁለቱም ይሠራል፤ ጥያቄዎቹ ግን ይለያያሉ። ኮርንዋልን እንዳለ ገልብጦ እዚያ መለጠፍ አይሆንም።

መጨረሻ ላይ፣ ማዕድን ለማግኘት ይረዳል?

በቀጥታ «እዚህ ቆፍሩ» አይልም። አይሶቶፕ ቆርቆሮን አያይም፤ ውሃን ነው የሚያየው። ነገር ግን ውሃ በብዛት ያለፈበትን ዐለት ካላለፈበት ይለያል። የቆርቆሮው ቬይንና ባዶው የኳርትዝ ቬይን ከተለያየ ውሃ መምጣታቸው ከታወቀ፣ አዲስ የተገኘ ቬይን ከየትኛው ወገን እንደሆነ ሳይቆፈር መገመት ይቻላል። ቁፋሮ ውድ ነው፤ የአንድ ናሙና ዋጋ ግን ከአንድ ጉድጓድ ጋር አይወዳደርም።

በኮርንዋል አሁን ትኩረቱ ወደ ራሱ ወደ ውሃው ዞሯል። በዩናይትድ ዳውንስ በ2018 እና 2019 ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ የሚወርድ ጉድጓድ ተቆፍሯል። የሚፈለገው ሙቀቱ ነው፤ ውሃው ውስጥ ያለው ሊቲየምም ተጨምሮበት። ውሃው ከዝናብ የሚመጣ ከሆነ ይተካል፤ ከጥንት የታሰረ ከሆነ ግን ሲወጣ ያልቃል። ስለዚህ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን እዚያም የሚለካው ለጥንቱ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ ጉድጓዱ ስንት ዓመት እንደሚያገለግል ለማስላትም ነው።